የእትዬ የቀን መቁጠሪያ፦ የቤት ኪራይ ከገቢ ግብር ቢቀነስ ለማን ይደርሳል?

ሐዋሳ ውስጥ፣ በአቶቴ በኩል ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ግቢ አለ። መንገዱን ይዘው ሁለት ሱቆች ተሠርተዋል፤ አንዱ የሞባይል ዕቃ ይሸጥበታል፣ ሌላው መድኃኒት ቤት ነው። በብረት በሩ ሲዘለቅ የባለቤቷ ቤት ይገኛል፤ ከእርሱ ጀርባ ደግሞ ፊታቸውን ወደ አጥሩ ያዞሩ አምስት የሰርቪስ ክፍሎች አሉ። ለአምስቱም አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት። በዚያ ግቢ ከሁለት ዓመት በላይ ተከራይቼ ኖሬአለሁ። ኪራዩን የምከፍለው ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ነበር፣ በእጅ። የግቢው ባለቤት እትዬ ብሩን ተቀብለው ሁለት ጊዜ ይቆጥሩና ከበሩ ጀርባ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ያከቡታል። ደረሰኛችን ያ ክብ ነበር። መስከረም ሲጠባ አዲስ የቀን መቁጠሪያ ይሰቀላል፤ የዓመቱ ማስረጃ ከአሮጌው ጋር ለከሰል ማቀጣጠያ ይሄዳል።

መድኃኒት ቤቱም ኪራይ የሚከፍለው ለእኚሁ ሴት ነው፤ አከፋፈሉ ግን ሌላ ነው። የተፈረመ ውል አለው፣ ገንዘቡ በባንክ ይገባል፣ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ባለ መድኃኒት ቤቱ ከእኛ ይልቅ ሕግ አክባሪ ሆኖ አይደለም። ኪራይ ለነጋዴ የሥራ ወጪ ነው፤ ዓመታዊ ትርፉ ሲሰላ ይቀነስለታል፣ ለማስቀነስ ደግሞ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። በዚህ የተነሳ እትዬ በፊት ለፊቱ ሱቆች ገቢዎች ዘንድ የታወቁ ግብር ከፋይ ናቸው። በጓሮው አምስት ክፍሎች ግን እርሳቸውም የሉም፣ እኛም የለንም።

የገቢ ግብር ሕጉ የዚህን ግቢ ሰዎች በሦስት ዓይን ያያቸዋል። ነጋዴው ኪራዩን ይቀንሳል። አከራይዋን በሚመለከት፣ የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ (ቁጥር 979/2008) የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ካገኘው ኪራይ ግማሹን ለጥገና፣ ለእድሳትና ለእርጅና በሚል እንዲቀንስ ፈቅዷል፤ ቆርቆሮውን ይቀይር አይቀይር የሚጠይቀው የለም። ሦስተኛው ሰው ተቀጣሪው ነው። ለእርሱ አዋጁ ቁርጥ ያለ መልስ አለው፦ ደመወዙን ለማግኘት ያወጣው ወጪ አይቀነስለትም። ግብሩ የሚሰላው በጠቅላላ ደመወዙ ላይ ነው፤ ለጡረታ የሚቆረጥበት 7 በመቶ እንኳን አስቀድሞ አይነሳለትም። መሥሪያ ቤቱ የቤት አበል ቢጨምርለት አበሉም እንደ ደመወዝ ይታሰብበታል። የመጓጓዣ አበል ግን በገደብ ከግብር ነፃ ነው። ወደ ሥራ የሚያመላልሰው ባጃጅ ወጪ መሆኑ የታወቀለት ሠራተኛ፣ ከሥራ መልስ የሚያድርበት ክፍል ወጪ መሆኑ በምን ሒሳብ እንዳልታወቀለት የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

«ኪራያችን ከግብር በፊት ይቀነስልን» የሚለው ሐሳብ የሚነሳው ከዚህ ነው። የደመወዝ ግብር በተወራበት የሻይ ሰዓት ሁሉ አብሮ ይወራል። በ2017 የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ሐሳቡን አልነካውም፤ የመረጠው የግብር እርከኖቹን መግፋት ነበር። እኔም እስከ ዛሬ ተከራይ ነኝና ሐሳቡ ደስ ይለኛል። ደስ ስለሚለኝም ጠበቅ አድርጌ ልመረምረው ፈለግሁ፤ ስመረምረው ደግሞ በሻይ ሰዓት ከሚመስለው በጣም የተለየ ነገር ሆኖ አገኘሁት።

ከቁጥሩ እንጀምር። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ከዚያ በላይ ያለው እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ከ14,000 ብር በላይ ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ማስተካከያ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር አድጓል። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ቢሮ የተቀጠረች ጀማሪ ባለሙያን እናስብ። ከ11,500 ብሯ ላይ 2,100 ብር ለግብር፣ 805 ብር ለጡረታ ተቆርጦ 8,595 ብር ይደርሳታል። ለአንድ ክፍል 4,000 ብር ትከፍላለች ብንል፣ እጇ ከገባው ገንዘብ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ለአከራይ ይሄዳል።

ኪራይዋ ሙሉ በሙሉ ከገቢዋ ቢቀነስላት ግብሩ የሚሰላው በ7,500 ብር ላይ ይሆናል፤ 2,100 የነበረው ግብር ወደ 1,025 ብር ይወርዳል። በወር 1,075 ብር ማለት ነው። ይህን የሚሰማ ተከራይ ሁሉ ለሐሳቡ ቢያጨበጭብ አይፈረድበትም።

አሁን ደግሞ ሌሎች ሁለት ሰዎች እናምጣ። አንዱ በአንድ ድርጅት ውስጥ 40,000 ብር የሚከፈለው ሥራ አስኪያጅ ነው፤ በወር 15,000 ብር እየከፈለ ሙሉ ግቢ ተከራይቷል። እርሱ ያለው 35 በመቶው እርከን ላይ ስለሆነ ኪራዩ ሲቀነስለት በወር 5,250 ብር ያተርፋል። ሌላዋ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በልብስ ስፌት የምትሠራ ወጣት ናት። ደመወዟ 3,000 ብር ነው እንበል፤ ክፍሉን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ተካፍላ ድርሻዋን 1,000 ብር ትከፍላለች። አሁን ያለባት ግብር 150 ብር ብቻ ነው፤ ኪራይዋ ሲቀነስ ዜሮ ይሆናል። አተረፈች ከተባለ 150 ብር አተረፈች። ደመወዟ 2,000 ብር ቢሆን ኖሮ ምንም አታተርፍም ነበር፤ ከማትከፍለው ግብር የሚቀነስላት የለምና።

ዝርዝሩን ትተን ቁም ነገሩን ስናየው፣ መንግሥት ለሥራ አስኪያጁ 5,250 ብር፣ ለቢሮዋ ባለሙያ 1,075 ብር፣ ለስፌት ሠራተኛዋ 150 ብር የቤት ኪራይ ድጎማ ሰጠ ማለት ነው። ይህን በድጎማ ስም በጀት ውስጥ ጽፎ ለምክር ቤት የሚያቀርብ ሰው ይሳቅበት ነበር። በግብር ቅናሽ ስም ሲመጣ ግን ፍትሕ ይመስላል።

ሐዋሳ ላይ ይህ ነገር የበለጠ ያሳስባል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ፣ ሲሞላ 60,000 ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር የታቀደው። አብዛኞቹ ሠራተኞች ከገጠርና ከትንንሽ ከተሞች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ እነርሱን ተከትለው በከተማዋ ዳርና ዳር፣ በጨፌና በጥቁር ውሃ በኩል፣ አንድ በር አንድ መስኮት ያላቸው ክፍሎች ተደረደሩ። ትልቁ የፓርኩ ባለሀብት፣ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች፣ በጦርነቱ ምክንያት በ2014 ጥሎ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሚያስችለው የአጎዋ ዕድል ተሰረዘች። ሥራው ሲቀንስ ኪራዩ አብሮ አልቀነሰም። ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ባልተቆረጠበት አገር እነዚህ ልጆች ከማንም በላይ የተከራይነት ሸክም አለባቸው፤ ከማንም በላይ ደግሞ ከዚህ ቅናሽ ውጪ ናቸው። የባጃጅ ሹፌሩን፣ አሞራ ገደል ዓሣ የምታጸዳውን፣ የቀን ሠራተኛውን፣ የቤት ሠራተኛዋን ጨምሩበት። ፔሮል ላይ ስማቸው የለም፤ ስለዚህ ከምኑም ላይ አይቀነስላቸውም።

እንግዲህ ሐሳቡ ይጣል? እንዲህ ቶሎ አልጣለውም፤ ምክንያቱም ትልቁ ጥቅሙ ተከራዩ በሚያተርፈው ብር ላይ አይመስለኝም። ወደ እትዬ ግቢ እንመለስ። የፊት ለፊቱን ሱቅ ለገቢዎች ያሳወቀው የግብር ሠራተኛ ቁጥጥር አይደለም፤ የተከራዩ የወረቀት ፍላጎት ነው። ነጋዴው ደረሰኝ ከሌለው ይጎዳል፣ ስለዚህ ይጠይቃል። የጓሮው ተከራይ ደረሰኝ ኖረውም አልኖረውም ለውጥ የለውም፤ እንዲያውም ቢጠይቅ የሚከተለው «ቤቱን እፈልገዋለሁ» የሚል መልስ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ኪራዩ በእጅ ይሰጣል፤ ውል ቢጻፍም በላዩ የሚሰፍረው ዋጋና የሚከፈለው ዋጋ ይለያያል። ተከራዩ ኪራዩን ማሳወቁ የሚጠቅመው ከሆነ ግን ይህ የዝምታ ስምምነት ይፈርሳል። ሐሳቡን በዚህ ዓይን ካየነው፣ ቅናሹ መንግሥት ለተከራዩ የምስክርነት ቃል የሚከፍለው ዋጋ ነው። ዋጋው ውድ ነው ወይስ ተመጣጣኝ የሚለው ደግሞ ሊሰላ ይችላል።

100 ብር ኪራይ እንውሰድ። የቢሮዋ ባለሙያ የ30 በመቶ እርከን ላይ ናትና፣ መቶው ብር ሙሉ ከተቀነሰላት መንግሥት እስከ 30 ብር ያጣል። አከራይዋ በምስክርነቱ ምክንያት ወደ ግብር መረብ ቢገቡ፣ በ2008ቱ አዋጅ ስሌት ግማሹ ተነስቶላቸው በ50 ብር ላይ ይከፍላሉ፤ በከፍተኛው የ35 በመቶ መጣኔ እንኳን 17 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። 30 ከፍሎ 17 ከ50 የሚሰበስብ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ብዙ አይዘልቅም። ሙሉ ቅናሽ የሚሉ ወገኖች ይህን ስሌት ሲያነሱ አልሰማሁም።

ከኪራዩ አንድ አምስተኛው ብቻ ቢቀነስስ? ከመቶው ብር 20 ብሩ ብቻ ከግብር ነፃ ይሆናል፤ መንግሥት የሚያጣው ቢበዛ 6 ብር ነው። አከራይዋ በዝቅተኛው የ15 በመቶ እርከን ላይ ቢሆኑ እንኳን ከ50ው ብር 7 ብር ከ50 ይገባል። አሁን ሒሳቡ ይሠራል። ለተከራይዋ ግን ከ1,075 ብር ሕልም ወደ 240 ብር እውነት ወረደ ማለት ነው። ኪራይ 4,000፣ አንድ አምስተኛው 800፣ የ800 ሠላሳ በመቶ 240። በዚህ ብር ከአከራይ ጋር ተጣልቶ ደረሰኝ የሚጠይቅ ስንት ሰው አለ? ሐሳቡ የሚወድቀውም የሚነሳውም እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

የአንድ አምስተኛውን ቁጥር ከራሴ አላመጣሁትም። ናይጄሪያ በአዲሱ የግብር ሕጓ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ፣ ተከራይ ከዓመት ኪራዩ 20 በመቶውን ከገቢው እንዲቀንስ ፈቅዳለች፤ ጣሪያውም 500,000 ናይራ ነው። ጣሪያ ማበጀቷ ከላይ ያልነውን የሥራ አስኪያጁን ችግር ያቃልላል። አየርላንድ በሌላ መንገድ ሄዳለች። እዚያ የሚቀነሰው ከገቢ ላይ ሳይሆን ከግብሩ ላይ ነው፤ ከኪራዩ 20 በመቶ፣ ለአንድ ሰው በዓመት እስከ 1,000 ዩሮ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከገቢ ላይ ሲቀነስ ብዙ የሚያገኝ ብዙ ያተርፋል፤ ከግብር ላይ ሲቀነስ ግን ሁለት ሰዎች እኩል ኪራይ ከከፈሉ፣ ግብራቸው እስከበቃ ድረስ፣ እኩል ያተርፋሉ። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ የምትረዳው ቤት በብድር የሚገዛውን ነው፤ የባንክ ወለዱን ያስቀንሳል። የቤት ብድር የሚያገኘው ማን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ማን እንደሚጠቀም መንገር አያስፈልግም።

ከሁሉም ብዙ ትምህርት ያለው የሕንድ ልምድ ነው። በነባሩ የግብር ሥርዓቷ ተቀጣሪ ከአሠሪው የቤት አበል ካገኘ፣ የከፈለው ኪራይ ከደመወዙ 10 በመቶ የሚበልጥበት ልክ፣ በተቀመጡ ገደቦች ውስጥ፣ ከግብር ነፃ ይሆንለታል። የዓመት ኪራዩ ከ100,000 ሩፒ ካለፈ የአከራዩን የግብር መለያ ቁጥር ማቅረብ ግዴታ ነው። እንዲህም ሆኖ የሐሰት የኪራይ ደረሰኝ የታወቀ ችግር ሆኖ ኖሯል፤ በማያውቁት ሰው መለያ ቁጥር ደረሰኝ የሚሠሩ፣ ከእናትና አባታቸው ጋር እየኖሩ ኪራይ እንከፍላለን የሚሉ ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ መንግሥት መጣኔው ዝቅ ያለ፣ ይህን የመሰለ ቅናሽ የሌለበት አዲስ ሥርዓት አምጥቶ ዋነኛ አደረገው። የእኛን አገር ብልሃት ለሚያውቅ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ቅናሹ በተፈቀደ በወሩ ስንት አማት፣ ስንት ታላቅ ወንድም አከራይ ሆኖ እንደሚያድር መገመት አይከብድም።

ለማጭበርበሩ መድኃኒቱ በአገራችን ሕግ ውስጥ በከፊል ተቀምጧል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይደነግጋል። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጪ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። በባንክ ወይም በቴሌብር ያለፈ ገንዘብና የተመዘገበ ውል ካለ የእትዬን ፊርማ መለመን አያስፈልግም፤ ማስረጃው በራሱ ይገኛል። ለዚህ ነው የኪራይ አዋጁና የግብር ቅናሹ ተነጥለው መታየት የሌለባቸው የምለው። አዋጁ ተከራዩን «ተመዝገብ» ይለዋል፤ መመዝገቡ ምን እንደሚጠቅመው ግን ብዙም አይነግረውም። ቅናሹ ያንን ጥቅም ሊሰጠው ይችላል።

በዚህ መካከል ግን አከራዩ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የደመወዝ ማስተካከያው ዜና የተነገረው በነሐሴ 2017 ነበር፤ ገንዘቡ ሠራተኛው ዘንድ ሳይደርስ፣ አሁን የምኖርበት ግቢ ባለቤት በሬን አንኳኩተው «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ። የመንግሥት ሠራተኛ እንዳልሆንኩ፣ የእኔ ደመወዝ ንክች እንዳላለ አስረዳኋቸው። «ገበያው ጨምሯል እኮ ልጄ» ብለው አንድ ሺህ ብር ጨመሩብኝ። ተከራይ ሁሉ የዚህ ዓይነት ታሪክ አለው። ሐዋሳ በ2012 የአዲሱ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ ቢሮዎች ተጨምረዋል፤ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ፓርኩ አለ፤ ከተማዋን በምዕራብ ሐይቁ ይዟታል፤ የሚቀራት ወደ ቱላና ወደ ምሥራቅ መስፋት ነው፣ እርሱም ከቤት ፈላጊው እኩል አልሄደም። ቤት በጠፋበት ገበያ ተከራዩ እጅ ላይ የሚጨመር ብር ወደ አከራዩ የሚወስደውን መንገድ ያውቀዋል። የ1320 አዋጅ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ብቻ እንዲሆን ይላል፤ ይህ ክልከላ በማይሠራበት ከተማ የግብር ቅናሹ የተከራይ ስም ተለጥፎበት ለአከራይ የሚላክ ፖስታ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

አንድ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ልጨምር፤ የኪስ ጉዳይ ነው፣ የመንግሥታት ኪስ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የክልል መንግሥትና የግል ድርጅት ተቀጣሪዎችን የገቢ ግብር የሚሰበስበው ክልሉ ነው፤ በክልሉ ውስጥ ያለ የግል ቤት የኪራይ ገቢ ግብርም የክልሉ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ግብር ግን ለፌዴራል ይገባል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መምህር ኪራዩ ቢቀነስለት የሚያጣው ፌዴራል መንግሥት ነው፤ አከራዩ በዚያ ምክንያት ቢታወቅ የሚያተርፈው የሲዳማ ክልል ነው። የክልሉ ቢሮ ባለሙያና የፓርኩ ሠራተኛ ሲሆኑ የሚያጣውም የሚያገኘውም ክልሉ ራሱ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የገቢ ግብር አዋጅ የሚያወጡ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ የተፈቀደ ቅናሽ ሐዋሳ ላይ እንዲሠራ የክልሉ ምክር ቤትም እጁን ማውጣት አለበት። ደግነቱ ክልሉ ሒሳቡን የሚሠራበት ምክንያት አለው፤ በጓሮ ክፍሎች ውስጥ ተደብቆ የቀረው የኪራይ ግብር የእርሱ ገንዘብ ነውና።

አፈጻጸሙስ? ደመወዝተኛ ግብሩን ራሱ አያሳውቅም፤ አሠሪው ቆርጦ በየወሩ ያስገባለታል። ቅናሽ ሲመጣ የፋይናንስ ክፍሉ ሠራተኛ የኪራይ ውል መርማሪ ሊሆን ነው። በየስምንት ወሩ ቤት የሚቀይር፣ ከፍቅረኛው ጋር የሚከፋፈል፣ ውሉ በእህቱ ስም የሆነ ሠራተኛ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ይሰለፋል። ሌላው አማራጭ ሠራተኛው ዓመቱን ሙሉ እየከፈለ ቆይቶ በመጨረሻ ተመላሽ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ከግብር መሥሪያ ቤት ተመላሽ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ይህን አማራጭ ሲሰማ ምን እንደሚል መጻፍ አልችልም። አራት ልጆች በአንድ ክፍል የሚኖሩበት ቤትም አለ፤ ውሉ በአንዷ ስም ይፈረማል፣ ኪራዩ ከአራቱ ይሰበሰባል፣ የሚላከው ከአንዷ ስልክ ነው። ሕጉ ይህችን አንዷን ብቻ ካየ ሦስቱ የሉም።

ምርጫው ለእኔ ቢተው ከገቢ ላይ ሳይሆን ከግብሩ ላይ የሚቀነስ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ ትንሽ የወር መጠን እመርጥ ነበር፤ ለምሳሌ 300 ብር። ውሉ የተመዘገበና ኪራዩ በባንክ ወይም በቴሌብር የተከፈለ ተከራይ ሁሉ፣ ኪራዩ 2,000 ይሁን 15,000፣ ያችኑ 300 ያገኛል። የፋይናንስ ሠራተኛው የኪራዩን መጠን ማጣራት አይጠበቅበትም፤ የሚያየው የምዝገባ ቁጥሩን ብቻ ነው። በአንድ ክፍል የሚኖሩ አራቱ ልጆች ስማቸው በአንድ ውል ላይ ከሰፈረ ይካፈሉታል። ግብር የማይደርስባቸውን ግን ይህም አይነካቸውም። ለእነርሱ የግብር አዋጅ ላይ ተንጠልጥሎ መፍትሔ መፈለግ አጉል ነው፤ ፓርኩ አጠገብ የሠራተኛ ማደሪያ መሥራት፣ ለአነስተኛ የኪራይ ክፍሎች ግንባታ ቦታ ማዘጋጀት፣ ይህን የመሰለ ሌላ ሥራ ነው የሚያስፈልገው። ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ «የተከራዮች እፎይታ» የሚል ስም መስጠት ለዜና ያምራል እንጂ ለሐቁ አይሆንም።

300 ብር አከራዩን ለማሳመን ይበቃል አይበቃም የሚለውን ከወረቀት ላይ ማወቅ አልቻልኩም። ለገና እትዬን ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ነገሩን አነሳሁት፤ ለጓሮዎቹ ተከራዮች ውል ያስመዝግቡ፣ ገንዘቡም በባንክ ይግባልዎ ቢባሉ ምን ይላሉ አልኳቸው።

«ለመድኃኒት ቤቱ አድርጌ የለም እንዴ» አሉ።

«ለእነዚህስ?»

ስኒውን አስቀምጠው አሰቡበት። «አምስት መቶ አምስት መቶ እጨምርባቸዋለሁ» አሉኝ በመጨረሻ። «ግብሩን እኔ ከየት አመጣዋለሁ?» መድኃኒት ቤቱ ላይ ግን እንዲህ እንዳልጨመሩ ሳስታውሳቸው፣ እነርሱ ገና ሲገቡ ግብሩ ታስቦ ነው ዋጋው የተቆረጠው አሉ። እውነታቸውን ነው። ለሱቁ ግብሩ ከመጀመሪያው ዋጋው ውስጥ ነበረ፤ ለጓሮው ግን አዲስ እንግዳ ነው፤ 300 ብር ያተረፈች ተከራይ 500 ከጨመረች ደግሞ በወር 200 ብር ከፍላ ነው የምትመሰክረው።

ስነሳ ከበሩ ጀርባ የ2018 የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ አየሁ። ታኅሣሥ ላይ አምስት ክቦች አሉበት፤ አራቱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። ቀዩ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ግማሹን ብቻ የከፈለችው ናት አሉኝ።